«ተመስገን» ዲግሪ አይደለም

(ደብረ ማርቆስ ላይ ለአረጋውያን መጦሪያ ሠራተኞችና በጎ ፈቃደኞች ካደረኩት ንግግር፣ ከስልኬ ሪከርድ እየሰማሁ የጻፍኩት። የተደጋገመውን ቆርጫለሁ፣ አነጋገሬን ግን አላሳመርኩትም።)

እንዴት ዋላችሁ። ከኋላ ያላችሁ ጠጋ በሉ እስኪ፣ ወንበር አለ። እኔ ነርስ ነኝ፣ መድረክ ላይ መቆም አልለመደብኝም፣ ስለዚ በወሬ መልክ ነው የምነግራችሁ። ርዕሱን ሲሰጡኝ «አቅም ያነሳቸው አረጋውያን በመጦሪያ ውስጥ ያላቸው የሙቀት ምቾት ግምገማ» ብለው ነው የሰጡኝ፣ እኔ ደግሞ ቤቴ ስገባ ለእናቴ ስነግራት «እማማ በርዷቸዋል ወይስ ሞቋቸዋል፣ በምን እናውቃለን ነው ነገሩ» አልኳት፣ እናቴም «ታዲያ መጠየቅ ነዋ» አለችኝ። የዛሬው ወሬ እንግዲህ መጠየቅ ለምን እንደማይበቃ ነው።

አንዲት እማሆይ ነበሩ። ኅዳር መጨረሻ ነው፣ ውርጩ ሳሩን ነጭ አድርጎት ያደረ ቀን፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መድኃኒት ላድል ገባሁ። «እንዴት አደሩ እማሆይ?» «ተመስገን።» «በረደዎ እንዴ?» «ኧረ ምን ሆኜ፣ ተመስገን ልጄ።» በጋቢያቸው ተሸፋፍነው ቁጭ ብለዋል፣ ጸሎት ላይ ያሉ ነው የሚመስሉት። ኪኒኑን ልሰጣቸው እጃቸውን ስይዘው ብረት የያዝኩ መሰለኝ። ያው የሽማግሌ እጅ ይቀዘቅዛል ብዬ አለፍኩት፣ ግን አነጋገራቸው ትንሽ ተጎተተብኝ፣ ምላሳቸው የከበደ ይመስላል፣ ተመለስኩና ቴርሞሜትር ብብታቸው ስር አደረኩ። 35 አለኝ። ዝቅ ያለ ነው ግን ደህና ነው ብዬ ጻፍኩት፣ እውነት ነው የምላችሁ በእጄ ነው «35» ብዬ የጻፍኩት። ከዛ መልሼ ላስቀምጠው ስል አየሁት፣ ያ የድሮው የሜርኩሪ ቴርሞሜትር ቁጥሩ ራሱ የሚጀምረው ከ35 ነው! ከዛ በታች ማንበብ አይችልም፣ ሰውየው 34 ይሁን 32 ይሁን እሱ ከመጀመሪያው መስመር አይወርድም። እጄን በልብሳቸው ስር አስገብቼ ሆዳቸውን ስነካው ሆዳቸውም ቀዝቃዛ ነው። በባጃጅ ነው ያደረስናቸው፣ ሐኪም ቤት በሌላ መሣሪያ ሲለካ 33 ከምናምን ሆነ። ዳኑ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ግን እኔ ያቺን «35» እስካሁን አልረሳኋትም።

የሰውነት የውስጥ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሲወርድ ሃይፖተርሚያ ይባላል፣ ድንገተኛ ሕመም ነው። እና ይሄ ነገር በረዶ ሀገር ብቻ የሚሆን የሚመስለን ሰዎች አለን፣ «13 ወር ፀሐይ» እየተባለ ስላደግን መሰለኝ። ወንድሞቼ፣ ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር በላይ ነው ያለችው፣ በጥቅምትና በኅዳር ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች መውረዱ ብርቅ አይደለም፣ የኛ ቤት ደግሞ ማሞቂያ የለውም፣ ቆርቆሮው ኮርኒስ ከሌለው የውጭውና የውስጡ ልዩነት ትንሽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እንደ ፈረንጆቹ ባወጣው የቤት መመሪያ ላይ ብርዳማና መካከለኛ አየር ላላቸው ሀገሮች ቤት ውስጥ ቢያንስ 18 ዲግሪ ይሁን ይላል፣ ለአረጋውያን ደግሞ ከዛም ከፍ ሊያስፈልግ ይችላል ብሎ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ተነስታችሁ የምታስታምሟቸው ሰዎች ክፍል ውስጥ ቴርሞሜትር አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም ነበር፣ ቴርሞሜትሩም አልነበረንም።

ወደ «ተመስገን» ልመለስ። ተመስገን ማለት ጥሩ ነው፣ እኔም እላለሁ፣ ግን «እንዴት ነዎት» ለሚል ሰው የሚመለስ ሰላምታ እንጂ ስለ ሰውነቱ የሚሰጥ መረጃ አይደለም። ደግሞ አስቡት፣ ይሄ ሰው በመጦሪያ የሚኖር ነው፣ ጧሪ አጥቶ ወይ ልጆቹ ቀድመውት ሄደው ወይ ርቀውበት፣ የሚበላውም የሚለብሰውም ከሰው እጅ ነው፣ «በረደኝ» ማለት ለሱ ማማረር ነው፣ አስቸገርኳቸው ነው የሚለው፣ ስለዚ ሆድ ይፍጀው ብሎ ይተወዋል። የኛ ሰው ችሎ ማደርን እንደ ጨዋነት ነው የተማረው፣ በተለይ ወንዱ፣ ብርድ አሸነፈኝ የሚል አባወራ እስኪ አሳዩኝ።

ግን መደበቅ ብቻ አይደለም፣ ራሳቸውም ላይሰማቸው ይችላል፣ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ወጣት ሰው ሲበርደው የእጁና የእግሩ የደም ስር ጥብቅ ይልና ደሙን ወደ ውስጥ ይሰበስባል፣ ከዛ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ መንቀጥቀጥ ማለት ጡንቻው ሥራ ፈጥሮ ሙቀት እያመነጨ ነው ማለት ነው። ሲያረጁ የደም ስሩ መጥበቅ ይዘገያል፣ መንቀጥቀጡ ደካማ ይሆናል፣ ጡንቻው ራሱ አልቋል፣ ምድጃው አንሷል በሉት። ቆዳቸው የአየሩን ለውጥ የሚለይበት አቅምም ይደበዝዛል፣ እናንተ አንድ ዲግሪ ወረደ ብላችሁ የምታውቁትን እሳቸው ብዙ ዲግሪ እስኪወርድ ላያውቁት ይችላሉ። በሙቀትም ያው ነው፣ ላቡ ዘግይቶ ይመጣል፣ ያንሳል፣ ጥማቱም ይቀንሳል።

አቅም ያነሳቸው ስል ደግሞ ዕድሜ ብቻ ማለቴ አይደለም። በ2001 እንደ ፈረንጆቹ ሊንዳ ፍሪድ የምትባል አሜሪካዊት ሐኪም ከባልደረቦቿ ጋር አምስት ምልክት አስቀመጡ፣ ሳይፈልጉ ክብደት መቀነስ፣ ሁሌ መድከም፣ የእጅ ጭብጥ መላላት፣ ቀስ ብሎ መራመድ፣ እንቅስቃሴ መቀነስ፣ ሦስቱ ካሉበት ያ ሰው አቅሙ አንሷል ይባላል። የ85 ዓመት ሰው ሆነው ከገበያ በእግራቸው የሚመለሱ አባት አሉ፣ በ68 ዓመታቸው ከአልጋ የማይነሱ አሉ። ብርድና ሙቀት የሚጥላቸው ሁለተኞቹን ነው፣ ከቻላችሁ ማን ከየትኛው እንደሆነ አስቀድማችሁ ለዩ።

መድኃኒትም አለ፣ ይሄን በፍጥነት ልለፈው ግን አትርሱት። ለደም ግፊትና ለልብ የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች እጅ እግር ያቀዘቅዛሉ፣ ውኃ የሚያሸና መድኃኒት በሙቀት ጊዜ ያደርቃቸዋል፣ ለአእምሮ ሕመምና ለእንቅልፍ የሚሰጡት ላብንም መንቀጥቀጥንም ሊያዛቡ ይችላሉ። ሁልጊዜ፣ በጠራራ ፀሐይ እንኳ የሚበርዳቸው ሰው ካሉ ደግሞ «የሳቸው ነገር ነው» ብላችሁ አትተዉት፣ የደም ማነስና የታይሮይድ ምርመራ ይደረግላቸው፣ እንቅርት ብርቅ ባልሆነበት ሀገር ነው ያለነው።

እሺ እንግዲህ ወደ ልኬቱ። በዓለም ላይ ስለ ሙቀት ምቾት የሚያጠኑ ሰዎች ሁሉ ስሙን የሚያነሱት አንድ የዴንማርክ ኢንጂነር ነበር፣ ኦሌ ፋንገር ይባላል፣ በ1970 እንደ ፈረንጆቹ ያወጣው ስሌት አለ። ሰው ምቾት የሚሰማው በስድስት ነገር ነው አለ፤ የአየሩ ሙቀት፣ ከግድግዳና ከጣሪያ የሚመጣው የሙቀት ጨረር፣ የነፋሱ ፍጥነት፣ የአየሩ እርጥበት፣ የለበሰው ልብስና ሰውነቱ የሚያመነጨው ሙቀት። እነዚህን ስታስገባ ከቀዝቃዛ ሦስት ሲቀነስ እስከ ሙቅ ሦስት ሲደመር ባለው መስመር ላይ አንድ ቁጥር ይሰጥሃል። ዜሮ ከሆነ ጥሩ ነው ማለት ነው፣ ዜሮም ሆኖ ግን ከመቶ አምስቱ ሰው ቅር ይለዋል ይላል ራሱ ስሌቱ፣ ይሄን ነገር ወድጄለታለሁ፣ ሐቀኛ ነው። ችግሩ ስሌቱ የተሠራው በአብዛኛው ጤነኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ክፍል ውስጥ እያስቀመጡ በመጠየቅ ነው። እና የብዙ ሰው አማካይ ነው የሚነግርህ። እኛ ደግሞ አማካይ የለንም፣ እኛ ያለን እማሆይ ናቸው። ስለዚ ቁጥሩን ተዉት፣ ስድስቱን ነገር ግን ያዙ፣ እንደ መነጽር ነው።

እኔ መጀመሪያ ያን የሰባት ደረጃ መጠይቅ ወደ አማርኛ መልሼ ይዤ ሄድኩ፣ ቁምነገር የሠራሁ መስሎኝ። «አባባ፣ አሁን የሚሰማዎ፣ በጣም ቀዝቃዛ፣ ቀዝቃዛ፣ በመጠኑ ቀዝቃዛ፣ መካከለኛ፣ በመጠኑ ሞቃት፣ ሞቃት፣ በጣም ሞቃት፣ የትኛው ነው?» ብዬ አንብቤ ስጨርስ አባባ ዝም ብለው አዩኝና «የትኛውን እንድልልሽ ነው የፈለግሽው ልጄ?» አሉኝ። (ሰው ሁሉ ሳቀ።) አትሳቁ፣ እሳቸው ከልባቸው ሊረዱኝ ፈልገው ነው፣ ሰው ደክሞ የሚፈልገውን መልስ አጥቶ እንዳይመለስ ብለው። ወረቀቱን ያን ቀን ነው የቀደድኩት።

ከዛ በኋላ የሚናገሩትን በራሳቸው ቃል መስማት ጀመርኩ፣ የኛ ቋንቋ ለዚህ ነገር ሀብታም ነው እኮ። በረደኝ አለ። ቆፈነነኝ አለ፣ እሱ የጣት ነው፣ አዝራር መቆለፍ አቃተኝ ማለት ነው። ቁር ገባኝ አለ፣ እሱ ወደ አጥንት የገባ ነው፣ ቶሎ አይወጣም። ወበቀኝ አለ፣ አፈነኝ አለ፣ ሙቀቱ ሳይሆን የአየሩ አለመንቀሳቀስ ነው የከበዳቸው፣ ለሱ መስኮት እንጂ ልብስ ማውለቅ አይደለም መፍትሔው። ከሁሉም ግን «ብርድ ብርድ አለኝ» የሚለውን ተጠንቀቁት። በረደኝ የአየር ነው፣ ብርድ ብርድ አለኝ የሕመም ነው፣ ትኩሳት እየመጣ ነው ማለት ሊሆን ይችላል፣ ሳንባ ወይ ሽንት ወይ ወባ ሊሆን ይችላል፣ እዛ ላይ ጋቢ ደርባችሁ ብትሄዱ ጥፋት ነው። ሽማግሌ ደግሞ ትኩሳቱ እንደ ልጅ 39 እና 40 ላይገባ ይችላል። በመጦሪያ ላሉ አረጋውያን በአፍ ተለክቶ ከ37.8 ካለፈ፣ ወይም ከራሳቸው ከተለመደው በ1.1 ዲግሪ ከፍ ካለ ትኩሳት ነው ይባላል። ከራሳቸው ከተለመደው! ስለዚ ደህና እያሉ የለካችሁት ቁጥር ከሌላችሁ ሲታመሙ የምታወዳድሩት ነገር የላችሁም፣ እያንዳንዳቸውን ጤነኛ በሆኑበት ሰሞን ለኩና ጻፉ።

ጥያቄውንም ቀየርኩት። «በረደዎ ወይ» አልልም፣ «ጋቢ ልጨምርልዎ፣ ላንሳልዎ፣ ወይስ እንዳለ ይሁን?» ነው የምለው፣ ጋቢውን በእጄ ይዤ። ልዩነቱ ይገርማችኋል። አንደኛው ስለ ስሜታቸው እንዲያማርሩ ይጠይቃቸዋል፣ ሁለተኛው ግን የቀረበላቸውን ነገር መቀበል ወይም መተው ብቻ ነው፣ እንግዳ ሲመጣ «ቡና ልጠጣ?» አይልም፣ ስኒው ሲቀርብለት ግን ይጠጣል፣ እንደዛ ነው። ያቺን «ተመስገን» የሚሉኝ እማሆይ ጋቢ ይዤ ስቆም «በይ እስኪ አምጪው» አሉኝ።

አሁን ስለ ክፍሉ። ትንሿን ዲጂታል ቴርሞሜትር፣ እርጥበትም የምታሳየውን ግዙ፣ ውድ አይደለችም። ግን የት ነው የምትሰቅሏት? አብዛኛው ሰው ግድግዳ ላይ፣ በቆመ ሰው ዐይን ልክ ነው የሚሰቅላት፣ እዛ ደግሞ ማንም አይኖርም። ለተቀመጠ ሰው በሦስት ቦታ ለኩ፣ ከመሬት 10 ሳንቲ ሜትር ቁርጭምጭሚት ላይ፣ 60 ሳንቲ ሜትር ሆድ ላይ፣ 1 ሜትር ከ10 ራስ ላይ። የሲሚንቶ ወለል ያለበት ክፍል ውስጥ የራሱና የእግሩ ሙቀት የተለያየ ሀገር ሊሆን ይችላል። የራስና የእግር ልዩነት ከ3 ዲግሪ በላይ ከሆነ ሰው አይመቸውም። ምንጣፍ፣ ሰሌን፣ ጀንዲ፣ ያገኛችሁትን እግራቸው ስር አድርጉ፣ ድሮ ሰው መደብ ላይ ቁርበት አንጥፎ የሚቀመጠው ወዶ አይደለም።

ጨረር የሚባለውን ደግሞ ይሄ ቴርሞሜትር አያየውም። ፈረንጆቹ በጥቁር ቀለም የተቀባ 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላት የመዳብ ኳስ ውስጥ ቴርሞሜትር አስገብተው ነው የሚለኩት። እኛስ? የፒንግ ፖንግ ኳስ! ቀዳዳ አውጡላትና ጥቁር ቀቧት፣ የቴርሞሜትሩን ጫፍ አስገቡ፣ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ናቸው ያሳዩኝ፣ ሥራዋን በደንብ ትሠራለች። እኩለ ቀን ላይ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ስር አንጠልጥዬ አየሩ ከሚለው 4 ዲግሪ ከፍ ብላ አገኘኋት፣ ሰውየው አልጋው ላይ ተኝቶ ጣሪያው እንደ ምጣድ እየጋገረው ነበር፣ እኛ ደግሞ ቴርሞሜትሩን እያየን «ደህና ነው» እንል ነበር። ሌሊት ሲሆን ያው ቆርቆሮ ይገለበጥና የሰውየውን ሙቀት ይመጠዋል።

ነፋስ ለመለካት ደግሞ መሣሪያ አትግዙ። ጧፍ አብሩና አልጋው ዙሪያ በትራስ ልክ፣ በበሩ ስር፣ በመስኮቱ ጠርዝ ቀስ ብላችሁ ውሰዷት። ነበልባሏ ቀጥ ካለች ደህና ነው፣ ከተጋደመች ንፋሱ የሚገባበትን በጣቷ አሳየቻችሁ ማለት ነው። (ከኋላ አንድ ሰው «ለጧፍ ጣት አወጣሽላት» አለኝ፣ እሺ እንግዲህ።) ኦክስጅን ያለበት ክፍል ውስጥ ግን ጧፍ አይበራም፣ እዛ የዕጣን ጭስም አይሆንም፣ የተተለተለች ስስ ወረቀት በክር አንጠልጥሉ። አንድ ቤት ውስጥ የአንድ አባት አልጋ ከበሩ ቀዳዳ ትክክል ነበር የተቀመጠው፣ አንገታቸውን ሁሌ ያማቸው ነበር፣ «ነፋስ ገብቶኝ ነው» ይላሉ፣ እኛ ደግሞ የሽማግሌ ወሬ ነው እንል ነበር። አልጋውን ሁለት ክንድ ገፋነው፣ በቃ።

ልብሱ ላይ ስንመጣ፣ ልብስ ምን ያህል ሙቀት እንደሚይዝ የሚለካበት ክሎ የሚባል መለኪያ አለ፣ 1 ክሎ ማለት አንድ ሰው ሙሉ ሱፍ ልብስ ሲለብስ ያለው ነው። የኛ ሰው ግን ልብሱ ቋሚ አይደለም። ጋቢ አራት ድርብ ነው፣ ሙቀቱን የሚይዘው ጥጡ ብቻ ሳይሆን በድርቡ መሃል የታሰረው አየር ነው፣ አንድ ጋቢ ትከሻ ላይ ጣል ተደርጎና ጭንቅላት ድረስ ተከናንቦ አንድ አይደለም። ታጥቦ ታጥቦ የሳሳ ጋቢ ደግሞ ስሙ ነው ጋቢ። ቡሉኮ ከባድ ነው፣ ለደካማ ሰው ሌሊት ገልበጥ ለማለት ያስቸግረዋል፣ ስለዚ አንድ ከባድ ከምትሰጡ ሁለት ቀለል ያለ ስጡ፣ አንዱን ራሱ ሊገፋው ይችላል። ኮፍያና ካልሲ አትርሱ። እና እባካችሁ ልብስ ስትገምቱ ከመቀመጫ የሚነካውን ጎን እዩ፣ የሽንት ቁጥጥር ያቃታቸው ሰው ልብሱ ከላይ ደረቅ ሆኖ ከታች እርጥብ ከሆነ እዚህ ያወራነው ስሌት ሁሉ ውኃ በላው።

የማትወዱትን ነገር ልናገር። መስኮት የምትከፍቱት እናንተ ናችሁ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሠራተኛዋ ትገባለች፣ አልጋ ታነሳለች፣ ታነጥፋለች፣ ትወለውላለች፣ ላብ በላብ ናት፣ «ይሄ ቤት ታፈነ» ትልና ሁለቱንም መስኮት ወለል አድርጋ ትከፍተዋለች። እውነቷን ነው፣ ለሷ ታፍኗል። ቁጭ ያለ ሰው ሰውነቱ የሚያመነጨውን ሙቀት አንድ ካልነው የተኛ ሰው ከዛ ያነሰ ነው፣ የምትወለውለው ልጅ ደግሞ ከእጥፍ በላይ። በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት የአየር ንብረት አለ ማለት ነው። የቤቱ ሙቀት በሠራተኛ ስሜት ከተወሰነ ሁሌ ለአረጋውያኑ ብርድ ነው። አየር ይቀየር፣ ለሳንባ በሽታም አስፈላጊ ነው፣ ግን ሰዎቹን በረንዳ ላይ ፀሐይ አሙቃችሁ ሳለ ክፈቱት፣ ከዛ ዝጉት፣ ከዛ አስገቧቸው።

የመጡበት ሀገርም ይቆጠራል። ደጀን ላይ ጃኬት ለብሳችሁ መኪና ትገቡና አባይ በረሃ ድልድዩ ጋ ስትደርሱ ሸሚዛችሁ ጀርባችሁ ላይ ይጣበቃል አይደል፣ በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ነው የሚለዋወጠው። እኛ ጋ በአንድ ክፍል ሁለት አባቶች ነበሩ፣ አንዱ ከስናን፣ ከጮቄ ስር፣ ውርጭ ላይ ገብስ ሲዘሩ የኖሩ፣ አንዱ ከአባይ ዳር ቆላ። የስናኑ መስኮት ክፈቱ ይላሉ የቆላው ዝጉ ይላሉ፣ ጠባቸው የፖለቲካ ነበር የሚመስለው። ሰው በኖረበት አየር ይላመዳል፣ ይሄ በጥናትም የታወቀ ነው። ግን ጠንቀቅ በሉ፣ የስናኑ አባት የለመዱት ብርድ በ40 ዓመታቸው ሞፈር ይዘው የለመዱት ነው፣ ዛሬ ጡንቻው የለም፣ ልማዱ ግን አለ። ክፈቱ ሲሉ ሰማናቸው፣ ሆዳቸውን ደግሞ ነካን። ሁለቱንም።

ጾም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይፈራል መናገር፣ እኔ ግን የቄስ ልጅ ነኝ። የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ነው፣ ልክ ውርጩ የሚጠናበት ጊዜ፣ ሰውነት ደግሞ ሙቀት የሚሠራው ከምግብ ነው፣ ባዶ ሆዳቸውን እስከ 9 ሰዓት የሚቆዩ የ80 ዓመት እናት በውርጭ ጠዋት ምን ይዘው ይሞቃሉ? ሁዳዴ ደግሞ ተገላቢጦሽ፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ሞቃቱ ወር ላይ ነው፣ ውኃም አይቀመስም። ዝም ብላችሁ «ይብሉ» ብትሏቸው አይሰሟችሁም፣ ቢሰሟችሁም ያዝናሉ። የንስሐ አባታቸውን ጥሩ። ለታመመና ለደከመ ቤተ ክርስቲያን ትፈቅዳለች፣ እሳቸው ግን ከእናንተ አፍ ሳይሆን ከአባታቸው አፍ መስማት ነው የሚፈልጉት። እኛ እንደዛ አድርገን ነው ከስንት አንድ እናት ጠዋት ትኩስ አጥሚት የጀመሩልን።

ሙቀቱን ቀላል አታድርጉት ደግሞ። በ2003 እንደ ፈረንጆቹ ነሐሴ ላይ ፈረንሳይ ውስጥ በሙቀት ማዕበል ከተለመደው በላይ 15,000 ገደማ ሰው ሞተ፣ አብዛኛው አረጋዊ ነው፣ ሀብታም ሀገር ነው፣ ሐኪም አለ፣ መብራት አለ። ከዛ በኋላ ነው የአረጋውያን መኖሪያዎች ቢያንስ አንድ የቀዘቀዘ ክፍል ይኑራቸው ያሉት። እኛም ባሕር ዳር ላይ፣ ቆላው ላይ ያለን ሰዎች በሚያዝያ አንድ ቀዝቀዝ ያለ ክፍል፣ ወፍራም ግድግዳ ወይም ጥላ ያለው ቤት፣ ለይተን ማወቅ አለብን። አየሩ ራሱ ከ35 በላይ ከሆነ ማራገቢያ ብቻውን ሙቅ አየር ነው የሚነፋው፣ ክንዳቸውንና አንገታቸውን በእርጥብ ጨርቅ አርጥቡ። አንድ አባት በሚያዝያ በርኖሳቸውን አላወልቅም ብለው ፊታቸው ቀልቶ ቁጭ ብለው አገኘኋቸው፣ ለምን ሲባል «ሰው ይመጣል፣ በሸሚዝ ልቀመጥ?» አሉ። ክብር ነው። ቀጭን ነጠላ ሰጠናቸው፣ ነጠላ ለበሱ፣ ክብራቸውም አልተነካም።

ስለ ማሞቂያው ዘዴ ሦስት ነገር ልበል። ከሰል በዝግ ክፍል ውስጥ፣ በፍጹም። ጭሱ ካለቀ አደጋው ያለቀ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፣ ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታም ቀለምም የለውም፣ ደም ውስጥ ኦክስጅንን የሚሸከመውን ነገር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ነው የሚይዘው። አረቄ ደግሞ አያሞቅም። ሞቀኝ የሚሉት እውነት ነው፣ የቆዳው የደም ስር ስለሚከፈት ቆዳው ይሞቃል፣ ያ ማለት ግን ሙቀቱ ወደ ውጭ እየወጣ ነው። ሦስተኛው ሃይላንድ ላይ የተሞላ ሙቅ ውኃ እግር ስር ማድረግ ነው፣ እኔም ሳደርግ ነበር፣ አንዲት ስኳር ያለባቸው እናት እግራቸው ስለደነዘዘ ሲያቃጥላቸው አልተሰማቸውም፣ ጠዋት ካልሲውን ሳወልቅ ቆዳው አብሮ መጣ። ውኃው በክርናችሁ ብትነኩት የማያቃጥል ይሁን፣ ጨርቅ ይጠቅለል፣ ሰውየው ሲተኛ ይነሳ።

መናገር ያቃታቸው፣ የመርሳት ሕመም ያለባቸው ሰዎች ናቸው የመጨረሻው፣ እውነቱን ለመናገር ከሁሉም የሚከብዱት እነሱ ናቸው። «ዛሬ አስቸገሩን፣ ልብሳቸውን እያወለቁ» ትላላችሁ። ሞቋቸው ሊሆን ይችላል እኮ! «ዛሬ ዝም አሉ፣ ጥሩ ቀን ነው» ትላላችሁ፣ ቀዝቅዘው ሊሆን ይችላል፣ ብርድ የገባው ሰው ይፈዝዛል፣ አይረብሽም፣ ለዚህ ነው የሚያመልጠን። እግር ወደ ሆድ ተሰብስቧል ወይ፣ እጅ ብብት ውስጥ ገብቷል ወይ፣ አንሶላ ይጎትታሉ ወይስ ይገፋሉ፣ ምግብ ላይ ማንኪያ መያዝ ዛሬ ለምን አቃታቸው፣ እነዚህን እዩ። እጅ ብቻ አትንኩ፣ እጅ ያታልላል፣ ደረት ወይም ሆድ ላይ፣ አስፈቅዳችሁ፣ እጃችሁን መጀመሪያ አሙቃችሁ። ከመንካታችሁ በፊት ስማቸውን ጥሩ።

ለያንዳንዱ ሰው አንድ ደብተር ገጽ ይበቃል። ጠዋት 12 ሰዓት፣ ቀን 9 ሰዓት፣ ማታ 3 ሰዓት፤ የክፍሉ ዲግሪ በአልጋው ልክ፣ ምን ለብሰዋል፣ ሆዳቸው እንዴት ነው፣ ጋቢ ሲቀርብላቸው ምን አሉ፣ በራሳቸው ቃል። «ተመስገን» ብቻ ካሉ እሱንም ጻፉት፣ ግን ከዲግሪው አጠገብ። ሁለት ሳምንት ከጻፋችሁ የማን አልጋ መዞር እንዳለበትና ማን ማታ ሳይሆን ንጋት ላይ እንደሚበርደው ራሱ ደብተሩ ይነግራችኋል፣ ስብሰባ ላይ ለቦርዱ «ኮርኒስ ይሠራ» ስትሉም የምታሳዩት ነገር ይኖራችኋል።

ጥያቄ ካለ በኋላ ሻይ ላይ ጠይቁኝ። መሥራት የምትፈልጉ ግን ቅዳሜ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል በሩ ላይ ተገናኙ፣ አዎ 11 ተኩል፣ ብርዱ የሚጠናው ያኔ ስለሆነ። ወፍራም ልብስ ልበሱና የፒንግ ፖንግ ኳስ ያላችሁ አምጡ፣ ጧፍና ክብሪት እኔ ጋ አለ።